ሆራስ የጠራቸው አይሞቱም

የጨዋታው ሕግ አንድ ገጽ አይሞላም። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሠላሳ አራት ዓመት በእንግሊዟ የወደብ ከተማ በግሪምስቢ ፖስተኛ ስለነበርኩ ጽሕፈቴ ይነበባል። በየዓመቱ ጃንዋሪ አንድ፣ ልክ በስድስት ሰዓት፣ «አንድ ዓይናው ካፒቴን» የሚባለው መጠጥ ቤታችን ውስጥ ሰባት ሰዎች ተሰብስበን ዕጣ እናወጣለን። ከዚያ በዕጣችን ተራ፣ በዚህ ዓመት ይሞታል ብለን የምናስበውን ዝነኛ ሰው እንጠራለን። አሥር አሥር ስም እስኪሞላልን እንዞራለን። አንዱ የጠራውን ሌላው አይጠራም። የሟቹ ዕድሜ ከመቶ ተቀንሶ የሚቀረው ነጥብ ይሆናል፤ ስለዚህ የዘጠና ስድስት ዓመት ሽማግሌ አራት ነጥብ ብቻ ስለሚያስገኝ ብዙም አይጓጓለትም። ሞቱ በአገር አቀፍ ዜና ካልተነገረ አይያዝም። ከዝርዝሩ ሰው ሲሞት የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ግሌኒስ ባንኮኒው ላይ ያለውን ደወል ትደውላለች። ያሸነፈ ሰው ዓመቱን ሙሉ እሳቱ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ይቀመጣል።

ክፉ ሰዎች አይደለንም። ክፉ የሚሉን ሚስቶቻችን ናቸው፤ እነሱም ጠዋት ጋዜጣ ሲያነቡ «ይሄኛው እንዴት ከስቷል፣ ጻፈው» ይሉናል።

ስድስተኛው ሕግ ብቻ ዘግይቶ የተጨመረ ነው። የማንኛውም ተጫዋች ዘመድ የሆነ ሰው በማንም አይጠራም ይላል። አንድ ዓመት አንዱ የሌላውን አጎት፣ የድሮ የኳስ በረኛ፣ በጤናው ጠርቶበት ሁለት ጥርስ ከወለቀ በኋላ የወጣ ሕግ ነው።

ሆራስ ቲንዳል ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ አሳ ገበያው ውስጥ አሳ ሲበልት ኖሮ፣ ሁለት ጣቶቹን እዚያው ትቶ ጡረታ ወጣ። በዚህ ጨዋታ ሃያ ሁለት ዓመት ሲጫወት ከጠራቸው ሰዎች አንድም ሞቶበት አያውቅም። በመጠጥ ጉበቱ አልቋል የተባለ ጊታር ተጫዋች ጠራ፤ ሰውየው መጠጥ ትቶ አገባና መንታ ወለደ። የዘጠና ስምንት ዓመት ተዋናይ ጠራ፤ ሽማግሌው መቶ አንደኛ ዓመቱን ኬክ ቆርሶ አከበረ። የሆራስ ሰዎች ዓመቱ ሲያልቅ ከዝርዝሩ ይወጣሉ፤ ሌላ ሰው ይጠራቸዋል፤ እስከ ፋሲካ ይቀበራሉ።

«ሐኪም ቤት ተራ ከምጠብቅ» ይላል ታክሲ ነጂው ዴሪክ ስቶብስ፣ «የሆራስ ዝርዝር ውስጥ አንድ ቦታ ቢለቀቅልኝ ይሻለኛል።»

ሆራስ በየዓመቱ የማይቀይረው አንድ ስም ነበር። ተራው እንደደረሰ «ቬራ ላንግ» ይላል። ቬራ ላንግ በምሽቱ ተከታታይ ድራማ ላይ የሰፈር ሱቅ ያላት ሴትዮ ሆና የምትሠራው ተዋናይ ናት። ሆራስ መጥራት ሲጀምር ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነበር፣ ብስክሌት ትነዳ ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ ይቺ ሴትዮ ሁላችንንም ትቀብራለች!» እንለው ነበር።

«ይሁና» ይላል፣ ቢራውን እያየ።

ምሽት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከቴሌቪዥኑ ሥር ይቀመጣል። ድራማው ሲያልቅ ኮፍያውን አድርጎ ይሄዳል። አንድ ቃል አስተያየት ሰጥቶ አያውቅም።

እኔ ምክንያቱን አውቅ ነበር። ፖስተኛ ብዙ ነገር ያውቃል፤ ሥራው የሚያውቀውን አለመናገር ነው። ዘጠኝ ዓመት በተከታታይ፣ የገና ሰሞን፣ ለሆራስ ከለንደን አንድ ካርድ ይመጣ ነበር። ጀርባው ላይ ከአድራሻው ጋር «አይሪን ቲንዳል» ይላል። ሆራስ በሩ ላይ ቆሞ ይቀበለኛል፣ ጽሕፈቱን ያየዋል፣ በሦስቱ ጣቶቹ ያገላብጠዋል፣ ከዚያ ይመልስልኛል።

«ላኪዋ ተሳስታለች በል።»

እኔም እንዲመለስ ጽፌበት እመልሳለሁ። ዘጠኝ ጊዜ። በአሥረኛው ዓመት ካርዱ ቀረ። በዚያው ጃንዋሪ ነው ሆራስ ጨዋታችን ውስጥ የገባውና የእህቱን የአይሪንን የመድረክ ስም፣ ቬራ ላንግን የጠራው።

መጀመሪያ ላይ ሞቷን የሚመኝ መስሎኝ ፈርቼው ነበር። ሦስት አራት ዓመት ካለፈ በኋላ ነው የገባኝ። የጠራው ሰው አይሞትም። ሆራስ እህቱን፣ እሱ በሚያውቀው ብቸኛ አስተማማኝ ቦታ፣ ዝርዝሩ ላይ እያስቀመጣት ነበር። ስድስተኛውን ሕግ እያፈረሰ መሆኑን አውቃለሁ፣ ዝርዝሩን የምይዘው እኔ ነኝ፤ ዝም አልኩ።

አምና ዲሴምበር ላይ ጋዜጣ ፎቶዋን አወጣ። በአንድ ሐኪም ቤት የጓሮ በር ስትወጣ ነው፤ ራሷን በሻሽ አስራለች። ዴሪክ ሁለት ጊዜ ያሸነፈው በዕድል አይደለም፣ ያጠናል። ጋዜጣውን ባንኮኒው ላይ ዘርግቶ መነጽሩን አደረገ።

«የእጅ ሰዓቷን እዩት» አለ። «ወደ ክርኗ ወጥቷል። የሰው ሰዓት የሚወጣው ክንዱ ሲያልቅ ነው። ሰባ አራት ዓመቷ ነው፤ ሃያ ስድስት ነጥብ።»

ሆራስ ቢራውን ሳይጨርስ ወጣ። ከዚያ በፊት ቢራ ትቶ ሲወጣ አላየሁም።

ጃንዋሪ አንድ ዕጣውን ከኮፍያ አወጣን። ዴሪክ ቁጥር አንድ ደረሰው። ሆራስ ሰባት።

«ዴሪክ» አለ ሆራስ፣ ወረቀቱን እንደያዘ፣ «ተራ እንቀያየር።»

«ለምን ብዬ?»

«እንዲሁ፣ አንደኛ መሆን አምሮኝ።»

«ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ሰው መግደል አቅቶህ አሁን አንደኛነት አማረህ?»

«ዓመቱን ሙሉ በየአርቡ አሳ አጽድቼ ቤትህ ድረስ አመጣልሃለሁ።»

«ሚስቴ አሳ አትወድም።»

«አንተ ትወድ የለ።»

«እኔ ሚስቴን እፈራለሁ።»

ሁሉም ሳቀ። ሆራስ አልሳቀም። የዕጣ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«በሉ ልጀምር» አለ ዴሪክ። «ቬራ ላንግ።»

ጻፍኩ። የመጨረሻዋን ፊደል ሳልጨርስ ሆራስ «ሕግ ስድስት» አለ።

«ምን?»

«ሕግ ስድስት። እህቴ ናት።»

ዴሪክ ወደ ሆራስ ዞረ።

«የማን እህት?» አለ ዴሪክ።

«የኔ። አይሪን ነው ስሟ። ከኔ በአምስት ዓመት ታንሳለች።»

«ታዲያ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንተ ራስህ የገዛ እህትህን ትሙት እያልክ...»

«እኔ የጠራሁት ሰው ሞቶ ያውቃል?» አለ ሆራስ።

ግሌኒስ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች። ዴሪክ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው።

«ተውኳት» አለ ቀስ ብሎ። «ውሰዳት። ለሱ ጻፋት፣ ሬኒ።»

ሬኒ እኔ ነኝ። እንግዲህ ይህን ሁሉ የምናገረው ለዚህች ቅጽበት ስል ነው። ከኔ በቀር ሁሉም ተስማምተዋል። ስድስት ሰዎች ወደ እስክሪብቶዬ እያዩ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት አውቄ ዝም ያልኩ ሰው፣ ያን ቀን፣ ነገሩ በአደባባይ ስለተነገረ ይሆናል፣ ሐቀኛ ልሁን አልኩ።

«ሕጉ በማንም አይጠራም ነው የሚለው» አልኩ። «ለሱም አይሆንም።»

ስሟ ላይ መስመር አሰመርኩ። በማስመሪያ።

ሆራስ መስመሩን አየው።

«ልክ ነህ» አለ። «ሕግ ነው።»

«አንተ የማትረባ» አለችኝ ግሌኒስ። ከዚያ ወደ ሆራስ ዞረች። «የኔ ሆድ፣ በወረቀት ከምትጠብቃት ለምን ሄደህ አታያትም?»

«ከእናታችን ቀብር ወዲህ አልተነጋገርንም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነው።»

«ምን አድርጋህ?»

«እናታችን ሆስፒታል ተኝታ ሦስት ሳምንት ጠበቀቻት። አይሪን ቀረጻ ላይ ነበረች። ለቀብሩ መጥታ ስታለቅስ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ጥሩ አድርገሽ ተውነሻል አልኳት። ሬሳ ሳጥኑ ሳይወርድ ሄደች።»

«እና ይቅርታ አልጠየቀችህም?»

ሆራስ ወደኔ አየ። ያን ጊዜ ነው ምሥጢሩን እንደማውቅ እሱም ማወቁን የተረዳሁት።

«ጠይቃ ይሆናል» አለ። «አልከፈትኩትም።»

የዕጣ ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባው ላይ አድራሻዋን ጻፍኩለት፤ የቤቱን ቁጥር፣ መንገዱን፣ የፖስታውን መለያ ሳይቀር።

«እስካሁን ታስታውሰዋለህ?» አለኝ ሆራስ።

«ዘጠኝ ጊዜ መልሼዋለሁ» አልኩ። «ቤት ካልቀየረች።»

በማግስቱ ሆራስ አሳ ገበያ ሄዶ በጭስ የታጠነ አሳ ገዛ። በልጅነቷ ሌላ ነገር አልበላም ብላ ታስቸግር ነበር አለኝ። በጋዜጣ ጠቀለለው፤ ከዚያ ጋዜጣውን አይቶ ፈታውና በንጹሕ ወረቀት ጠቀለለው። ጃንዋሪ ሦስት በንጋት ባቡር ሄደ። ባቡር ጣቢያ የሸኘሁት እኔ ነኝ። ከረባት አስሮ ነበር።

«ምን እላታለሁ?» አለኝ።

«አሳውን ስጣት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ እሷ ታወራለች። ሥራዋ ነው።»

ፈገግ አለ። ባቡሩ ተነሣ።

ከቀኑ በሰባት ሰዓት ዜና ላይ፣ መጠጥ ቤቱ ውስጥ አምስት ሆነን ሳለ፣ የቬራ ላንግ ፎቶ ወጣ። ብስክሌት ይዛ የተነሣችው የድሮው ነው። ፎቶ በዚያ ሰዓት ሲወጣ ትርጉሙን ከኛ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ጎህ ሲቀድ ቤቷ ውስጥ አረፈች አለ ዜና አንባቢው። ሆራስ ባቡር ሲሳፈር ማለት ነው። ሞባይል የለውም።

ግሌኒስ የደወሉን ምላስ በእጇ ጨብጣ ቆመች። ሊደውል የተነሣ ሰው አልነበረም። እሷ ግን ዜናው እስኪያልቅ አለቀቀችውም። ዴሪክ እሳቱ አጠገብ ካለው የአሸናፊው ወንበር ተነሥቶ ተራ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ሃያ ስድስት ነጥብ አልኩ» አለ። «አፌን ይቁረጠው።»

የምሽቱን ባቡር ጣቢያ ሄጄ ጠበቅኩ። ሆራስ መጨረሻ ላይ ወረደ። እጁ ባዶ ነበር።

«ሰምተሃል» አልኩት።

«በሩ ላይ ሰው ተሰልፎ አየሁ። አበባ ያስቀምጣሉ።» ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። «አንዲት ሴትዮ ከውስጥ ወጣች፤ የምታስታምማት ትመስለኛለች። ማን ልበል አለችኝ።»

«ምን አልካት?»

«ተመልካች ነኝ አልኳት።»

ወደ መውጫው መሄድ ጀመርን።

«ብዙ ተመልካች መጥቷል፣ እግዜር ይስጥልን፣ ያመጡትን እዚያ ያኑሩት አለችኝ። አሳውን አበባው መሀል አስቀመጥኩት።» ጥቂት ተራመድን። «ድመት ሳያገኘው አይቀርም።»

ከጣቢያው በር ላይ ቆመ።

«ሬኒ፣ ባትሰርዛት ኖሮ?»

«ሆራስ፣ ጨዋታ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ ጨዋታ ነው። ባትሰርዛት ኖሮ?»

ክንዱን ልይዘው ስል እጁን ኪሱ ከተተ። እስከ ቤቱ ሸኘሁት። በማግስቱ ዝርዝሩን አውጥቼ በሆራስ ስም ሥር «ቬራ ላንግ» ብዬ ጻፍኩ፤ ከዚያም ሰረዝኩትና «አይሪን ቲንዳል» አልኩት። የሚያይልኝ ሰው አልነበረም።

ድራማው አስቀድሞ የሚቀረጽ ነው። እሷ ከተቀበረች በኋላ ስድስት ሳምንት ሙሉ ሱቋን እየከፈተች ድንች ስትመዝን፣ ስትቆጣ፣ ስትስቅ እናያት ነበር። ሆራስ አንድም ምሽት አልቀረም። ዴሪክ አጠገቡ ይቀመጣል። ሰዓቷ ወደ ክርኗ ሲሸሽ እጅጌዋን ትጎትትበታለች። ዴሪክ ያኔ ዓይኑን ወደ ወለሉ ያደርጋል።

የመጨረሻው ክፍል ማክሰኞ ነበር። እንደ መጨረሻ የተሠራ አይደለም። አንዲት ደንበኛ ወደምትሄድበት አገር ዕቃ መላኪያ ካርቶን ጠየቀቻት። «ቆይ ላምጣልሽ» አለችና የጓዳውን መጋረጃ ገልጣ ገባች። ደንበኛዋና አንድ ወጣት ስለ አንድ መኪና ማውራት ቀጠሉ። ከዚያ ሌላ ቤት፣ ሌላ ሰዎች፣ ከዚያ ሙዚቃው መጣና ስሞች መውረድ ጀመሩ።

ግሌኒስ ድምፁን ቀነሰች እንጂ አላጠፋችውም። ሆራስ ኮፍያውን አላነሣም። ማስታወቂያ መጣ፣ ሌላ ፕሮግራም መጣ፣ ኳስ መጣ።

«ሆራስዬ» አለችው ግሌኒስ። «አልቋል እኮ።»

«አልወጣችም» አለ፣ ከቴሌቪዥኑ ዓይኑን ሳይነቅል። «ካርቶን ላምጣ ብላ ገብታ አልወጣችም።»