ዐሥራ ስድስተኛው ዘፈን

የድሮው ፋብሪካ ሸማኔዎች ምስጢር አይዙም። ክፋት ኖሯቸው አይደለም፤ ሹክ ማለት ስለማይችሉ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሽመና መኪኖች መሀል ጆሯቸው ላይ ጥጥ ወትፈው የቆሙ ሰዎች ናቸው። ጥጡ ምን እንደጠቀማቸው እግዜር ይወቀው፤ ጡረታ የወጡት ጆሯቸውን እዚያው ትተው ነው። ዛሬ ከአጥር ሥር ተቀምጠው የጓዳ ጉዳያቸውን ሲመካከሩ ወሬው ቃሊቲ መናኸሪያ ይደርሳል። ስለዚህ አስካለማርያም ምን እንደምትፈልግ ሰፈሩ ለማወቅ ከአንድ ቀን በላይ አልፈጀበትም።

የምትፈልገው የባሏን ድምፅ መስማት ነበር።

ተስፋሚካኤል ከሞተ ሦስት ዓመት አልፎታል። ሥራው ሽመና ነበር፤ ከሥራ ውጭ ደግሞ የፋብሪካው ኪነት ቡድን ዘፋኝ። በዕድሜው አንድ ዘፈን ብቻ ነው በሬዲዮ የተላለፈለት። በሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት ከሬዲዮ የመጡ ሰዎች ሠራተኞች ክበብ ውስጥ መቅረጫቸውን ተክለው ወሰዱት። አስካለማርያም ያኔ ጨርቅ መርማሪ ነበረች፤ ከመኪኖቹ ራቅ ያለ፣ ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ፣ የቀን ፈረቃ። እሱ የሌሊት ነበር። በተጋቡ በሁለተኛው ወር፣ አንዱ ሲገባ ሌላው ሲወጣ ፋብሪካው በር ላይ ብቻ መተያየቱ ቢያንገበግበው እንዲህ ሲል ዘፈነ፦

አንቺን ለቀን ጽፈው እኔን ለሌሊት፣
በር ላይ አለቀ ወይ የኛማ ሕይወት።

አለቃው ይህን ሰምቶ አዘነላቸውና አንድ ፈረቃ ላይ አደረጋቸው። «በዘፈን ዕድገት ያገኘ ሰው አውቃለሁ፤ በዘፈን ሚስቱን ያገኘ ግን አንተ ብቻ ነህ» እያሉ ጓደኞቹ ዕድሜ ልኩን ሲቀልዱበት ኖሩ።

ዘፈኑ ያለበት አንድ ካሴት ነበራቸው። ያጠፋችውም ራሷ ናት። ቤት ስታጸዳ መስኮት ላይ አስቀምጣው ረሳችው፤ ከገበያ ስትመለስ ፀሐይ አጣሞታል። ተቀምጣ ስታለቅስ ያገኛት ባሏ ሳቀባት። «እኔ እያለሁልሽ ካሴት ምን ያደርግልሻል?» አላት። ልክ ነበር፤ ጢሙን ሲላጭም ጫማውን ሲጠርግም ይዘፍን ነበር። ሰው ሟች መሆኑን ግን ሁለቱም ረሱት። በስተርጅናው ጉሮሮውን ታመመ፤ መጀመሪያ ዘፈኑ ሄደ፣ ቀጥሎ ንግግሩ፣ በመጨረሻ ራሱ። እግዜር ልጅ አልሰጣቸውምና ድምፁን የወረሰ ሰው አልነበረም።

ከተዝካሩ በኋላ ሬዲዮ ጣቢያ ድረስ ሄዳ ጠይቃ ነበር። በር ላይ የተቀበላት ልጅ ትሑት ነው፤ ወንበር ሰጥቷት፣ ማህደር ውስጥ ለአንድ ግለሰብ ተብሎ እንደማይፈለግ በትሕትና ነገራት። በትሕትና የተከለከለ ሰው መቆጣት እንኳ አይችልም። አመስግና ተመለሰች።

ነገሩ እንደገና የተነሳው ሙህሲን ሱቅ ውስጥ ነው። ሙህሲን ከስልጤ በልጅነቱ መጥቶ እዚሁ ሰፈር ሱቅ ከፍቶ ወልዶ የከበደ ሰው ነው፤ ሬዲዮው ከጧት እስከ ማታ አይዘጋም። አስካለማርያም ጨው ልትገዛ ቆማ ሳለ አቅራቢዋ አዲስ ውድድር አስተዋወቀች። ስሙ «የሰባዎቹ ሃያ» ይባላል። አድማጮች ከሰባዎቹ ዓመታት የሚወዱትን ዘፈን በስልክ መልእክት ይመርጣሉ፤ አንድ ስልክ አንድ ድምፅ። ከፍተኛ ድምፅ ያገኙት ሃያ ዘፈኖች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሰማሉ። አስካለማርያም ጨውዋን ባንኮኒው ላይ ትታ ሄደች።

የሄደችው የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ገብረጻድቅ ዘንድ ነው። አቶ ገብረጻድቅ በሥራ ዘመናቸው የሽመና ክፍል ተቆጣጣሪ ነበሩ፤ እስካሁንም ሰው ቁሞ ካዩ የተበጠሰ ክር ያለ ይመስላቸዋል። ጉዳዩን ሦስት ጊዜ ጮኻ ካስረዳቻቸው በኋላ ገባቸው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» አሉና በማግስቱ ጥሩምባ አስነፉ። ሰው ለቀብር ነው ብሎ ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣ። ማን ሞተ ሲባል ተስፋሚካኤል ተባለ፤ እሱማ ድሮ ሞቷል ብለው የተቆጡም ነበሩ።

ሲገባቸው ግን ማንም ወደ ቤቱ አልተመለሰም። ሊቀመንበሩ የእድሩን መዝገብ ከፍተው ስም መጥራት ጀመሩ፤ ያልመረጠ ከቀብር እንደቀረ ሰው ይቀጣል አሉ። ሙህሲን በርጩማ ላይ ተቀምጦ የሽማግሌዎቹን ባለ ቁልፍ ስልክ በየተራ እየተቀበለ መልእክቱን ይጽፋል፣ ይልካል፣ ይመልሳል። ኦልጅራ የሟች ሚስቱንም ስልክ ይዞ መጣና እሷም ትምረጥ አለ። አቶ ገብረጻድቅ ሙታን አይመርጡም ብለው ተሟገቱ፤ ኋላ ስልኩ ካርድ እንዳለው ሲረጋገጥ ተፈቀደላት።

ይህ ኦልጅራ የተስፋሚካኤል የልብ ወዳጅ ነው። ኪነት ቡድኑ ውስጥ ከበሮ መቺ ነበር፤ ያን ዘፈን አብረው ነው የሠሩት። ከሁሉም ይልቅ ጆሮው የከፋው እሱ ነው። ጓደኛው ከተቀበረ ወዲህ ሰው ፊት መቀመጥ ትቶ ነበር፤ የሚጮህለት ሰው ደከመው መሰል፣ ቤቱን ዘግቶ ይውላል። ለዚህ ጉዳይ ግን ሰፈር ለሰፈር ዞረ። የእድሩ ሰው ሲያልቅ ቂሊንጦ ድረስ ወርዶ ከፈረቃ የሚወጡ የፋብሪካ ልጆችን መንገድ ላይ እያስቆመ ለመነ። ልጆቹም ሽማግሌ ሲጮህባቸው ደንግጠው ይሁን አዝነውለት ብቻ መረጡለት።

ቅዳሜ ሁሉም እድር ቤት ተሰበሰበ። ድንኳኑና ብረት ድስቶቹ ወደ ጥግ ተገፍተው አግዳሚ ወንበሮች ተደረደሩ። ሙህሲን ትልቁን የሱቁን ድምፅ ማጉያ አምጥቶ ከሬዲዮው ጋር አገናኘና እስከ መጨረሻው ከፈተው። አስካለማርያም ፊት ለፊት ተቀመጠች። ከጧት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። እንደ ሙሽራ ልቧ ይመታ ነበር፤ በስልሳ ስምንት ዓመቷ እንዲህ መሆኗ አሳፍሯታል፣ ደስም ብሏታል።

ሃያኛው ዘፈን አለፈ። ዐሥራ ዘጠነኛው፣ ዐሥራ ስምንተኛው፣ ዐሥራ ሰባተኛው አለፉ። አቶ ገብረጻድቅ መዝገባቸውን ጭናቸው ላይ እንደያዙ ላባቸውን ጠረጉ። ከዚያ አቅራቢዋ ዐሥራ ስድስተኛ ብላ የፋብሪካውን ኪነት ቡድን ጠራች፤ ቀጥላ የተስፋሚካኤልን ስም ከነአባቱ ጠራች። ስሙን ሙህሲን በእጁ ምልክት ለኋለኞቹ ሲያስተላልፍ ቤቱ በእልልታና በጭብጨባ ተናወጠ።

በእልልታው መሀል አቅራቢዋ ቶሎ ቶሎ መናገሯን ቀጥላለች። የመጀመሪያው ቅጂ ለጊዜው ስላልተገኘ አንድ ወጣት ድምፃዊ በቅርቡ አድሶ የሠራውን እንደሚያሰሙ ተናገረች። የመጀመሪያውን መስማት የሚፈልጉ ብዙ ከሆኑ ይጻፉልን፣ አስፈልገን በሚቀጥለው ቅዳሜ የዛሬው የተስፋሚካኤል ድምፅ እንዳልነበረ ገልጸን እናሰማችኋለን አለች። ይህን በቤቱ ውስጥ የሰሙት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አስካለማርያምና ሙህሲን።

ዘፈኑ ተጀመረ። ገና ከኪቦርዱ መግቢያ ለየችው። ይህንኑ አንድ ጊዜ ታክሲ ውስጥ ሰምታው ላለመስማት ከመውረጃዋ በፊት ወርዳለች። ልጁ ድምፁ ክፉ አይደለም፤ እንዲያውም ከባሏ ያምራል ቢባል አትከራከርም። ግን ባሏ «ሕይወት» ላይ ሲደርስ ትንፋሽ ያጥረውና እንደ ንግግር ይጥለው ነበር። ይህ ልጅ ቃሉን ወደ ላይ ወደ ታች አንቀርቅቦ አንቀርቅቦ እስኪበቃው ይጫወትበታል። ሁለተኛ የሞተባት ያህል ነበር፤ ያውም ሰው እልል እያለ። እሱ አይደለም ብላ ለመጮህ ከመቀመጫዋ ተነሳች።

ዘወር ስትል ኦልጅራን አየችው። ድምፅ ማጉያው አጠገብ ተንበርክኮ መዳፉን የማጉያው ጨርቅ ላይ አሳርፏል። ምቱ በእጁ በኩል ሲገባ ይታወቀዋል። ዓይኑን ጨፍኖ በሌላው እጁ ጭኑን ይመታል፤ እንባው ሽበቱ ውስጥ እየገባ ይወርዳል።

«አስካል!» አላት፣ ባለ በሌለ ድምፁ። «ከበሮው የኔ ነው። ሰማሽኝ? እዚህ ጋ ነው የምገባው!»

ከበሮ የሚባል ነገር ዘፈኑ ውስጥ አልነበረም፤ ኪቦርዱ የሚያወጣው ምት ነው። አቶ ገብረጻድቅ ባርኔጣቸውን አውልቀው አንገታቸውን ደፍተዋል። ከኋላ ያሉት ሴቶች፣ የድሮ ፈታዮችና ሸማኔዎች፣ ከንፈራቸውን እየመጠጡ ግጥሙን በየራሳቸው ዜማ ይሉታል፤ ማንም ከማንም አይገጥምም፣ ማንም አላወቀም። ሁሉም ተስፋሚካኤልን እየሰሙ ነበር። በዚያ ሁሉ የፋብሪካ ሰው መሀል ያልሰማችው እሷ ብቻ ናት።

«ሰማሁህ» አለችው። ከንፈሯን እንዲያነብ ደገመችለት። ከዚያም ተመልሳ ተቀመጠች።

ሙህሲን ከሬዲዮው አጠገብ ሆኖ ያያታል። ፊቱ ጠቁሯል። አፉን ሊከፍት ሲል ራሷን በእምቢታ ነቀነቀችበት።

ዘፈኑ ሲያልቅ አቶ ገብረጻድቅ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መጡ። የእድሩ ሊቀመንበር ከሆኑ ጀምሮ ለሰው የሚያደርሱት መርዶ ነበር፤ ምሥራች ሲያደርሱ የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም፣ አያያዙን አላወቁበትም።

«እንግዲህ ምኞትሽ ሞላ አይደል፣ ወይዘሮ አስካለ? ድምፁን አገኘሽው?»

«አገኘሁት። እግዜር ይስጥልኝ» አለች።

አመሻሽ ላይ ሙህሲን ድምፅ ማጉያውን በጋሪ እየገፋ አብሯት ወጣ። መንገዱ ላይ የከባድ መኪና ሰልፍ ስለነበር እስኪያልፍ ቆሙ። ያኔ ቶሎ ቶሎ ነገራት። የሁሉም ስልክ ቁጥር እሱ ዘንድ አለ፤ ዛሬውኑ ቤት ለቤት ዞሮ ያጽፋቸዋል፤ ይህን ያህል ሰው ከጻፈ ማህደሩን ይፈትሻሉ፣ ካለ ይገኛል፣ በሳምንቱ ራሱን ተስፋሚካኤልን ትሰማዋለች። አስካለማርያም ፈልጋ ነበር፤ እንዲህ አድርጋ የፈለገችው ነገር በዕድሜዋ አልነበረም።

«የዛሬው እሱ አልነበረም ብለው ይናገራሉ?» አለችው።

«ይናገራሉ እንጂ እትዬ። ቢናገሩስ? እነሱ እንደሆን አይሰሙም።»

«ጋዜጠኛዋን አይሰሙም። ለምን እንደገና እንድንጽፍ ፈለግህ ሲሉህ ግን ምን ትላቸዋለህ?»

ሙህሲን ጋሪውን ገፋ መለስ አደረገ።

«ተወው» አለች። «ኦልጅራ ሦስት ዓመት ቤቱን ዘግቶ የኖረ ሰው ነው። አሁን ሲወጣ አላየኸውም? ሕፃናቱን መንገድ ላይ እያስቆመ ከበሮ እንዴት እንደሚመታ ያሳያል።»

ሙህሲን ሊከራከር ሞከረ፤ እርስዎስ አላት። እኔ ምን ሆንኩ አለችው። የመጨረሻው መኪና አለፈና ተሻገሩ። ሱቁ ደጃፍ ላይ ጋሪውን ትቶ፣ ከብዙ ቀን በፊት ባንኮኒው ላይ ትታው የሄደችውን ጨው አምጥቶ እጇ ላይ አኖረላት።

ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እንደ ልማዷ ዓይኗን ጨፈነችና ጠራችው። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ሲደበዝዝም ሲጠራም፣ ባሏ በዚህ ሰዓት ቀርቷት አያውቅም ነበር። ዜማው መጣ። ግጥሙም መጣ። የፋብሪካው በርና እዚያ ቆሞ የሚጠብቃት ወጣት መጡ። አፉን ከፈተና ዘፈነላት፤ «ሕይወት» ላይ ሲደርስም እንደዚያ የሬዲዮ ልጅ ቃሉን አንቀረቀበው። ደንግጣ እንደገና ከመጀመሪያው አስጀመረችው። እንደገናም አንቀረቀበው።