ያልጠየቀሽን ሰው አትመርምሪ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት እትዬ ያዩት ዲግሪዬን ሳይሆን ጥፍሬን ነው። ለመጀመሪያ ቀኔ ብዬ ሮዝ ቀለም ተቀብቼ ነበር። ወንበር ላይ አስቀመጡኝ፣ ጥጥ አሴቶን ውስጥ ነከሩና አሥሩንም ጥፍሮቼን አንድ በአንድ በራሳቸው እጅ ጠረጉልኝ።

«በሽተኛ ፊትሽን ከማየቱ በፊት እጅሽን ነው የሚያየው» አሉኝ። «ደግሞ እኛ ሰውን ግለጥ የምንል ሰዎች ነን። ራሳችን ተሸፍነን እንዴት ብለን?»

ደሜ ፈላ። ያን ሁሉ ዓመት ተምሬ መጥቼ እንደ ሕፃን እጄን ይዘው ሲጠርጉኝ! ግን ዋጥ አደረግኩት። እሳቸው ጋ ለመሥራት ስንቷ ደጅ ጠንታ እንደተመለሰች አውቃለሁ።

እትዬ የምንላቸው እኔና ነርሷ ሲስተር ብቻ አልነበርንም፤ በሽተኛውም ሁሉ እትዬ ነው የሚላቸው። ስድሳ አንድ ዓመታቸው ነው፤ አላገቡም፣ አልወለዱም። እሳቸው ሲማሩ በክፍላቸው ሌላ ሴት አልነበረችም። የቆዳ ክሊኒካቸው አሮጌ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለ ሁለት ክፍል ነው። አሳንሰር የለውም፤ ደረጃው ሃያ ስድስት ነው። የምርመራው ክፍል ግድግዳውን ሊሞላ ትንሽ የቀረው መስኮት ነበረው። «አምፖል ውሸታም ነው» ይላሉ፤ ቆዳ የሚያዩት በቀን ብርሃን ብቻ ነው። እኔ ያንን መስኮት ያየሁ ዕለት ነው ክፍሉን የተመኘሁት።

ምክራቸው አያልቅም። ባል ለሚስቱ እየመለሰላት ካስቸገረ፣ ካርድ እንዲያወጣ ወደ ሲስተር ላኪው፤ እስኪመለስ እውነቱን ትነግርሻለች። ሲስተር ናት ብለው ሲያልፉሽ አትቆጪ፣ ሥራሽን ጨርሺ። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ሁለታችንንም ከላይ እስከ ታች አዩንና «ዶክተሩ መቼ ነው የሚመጡት?» አሉ። እትዬ ፈገግ ሳይሉ «መጥተዋል አባቴ፤ ዛሬ ቀሚስ ለብሰው ነው» አሏቸው። ሽማግሌው እስኪወጡ ድረስ ቀና ብለው አላዩንም።

ከሁሉ በላይ ግን የሚያስተምሩት ጣቴን ነበር። የበሽተኛ ብብት ወይም አንገት ሥር ያበጠ እጢ ስፈልግ ዓይኔን ያስጨፍኑኛል። «ስንት ናቸው?» ይላሉ። «ሁለት» እላለሁ። «ደግመሽ ንኪ።» ሁልጊዜ አንድ ይጎድለኛል። ስሜን ትተው ችኩሏ ያሉኝ ለዚህ ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የምትለዋን ተረት በቀን አንዴ ካልሰማሁ ቀኑ አይመሽም ነበር።

አንዲት ሕግ ነበረቻቸው፣ ሳይቀልዱ የሚናገሯት። ገና በጀመርኩ በወሩ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት አንገት ላይ ደስ የማይል ነገር አየሁና «ይሄን ለሐኪም ብታሳዪው ጥሩ ነው» አልኳት። ሴትየዋ ሻርፗን ጠመጠመች፣ «አንቺን ማን ጠየቀሽ?» አለችኝና ወረደች። ለእትዬ እየሳቅኩ ስነግራቸው አልሳቁም።

«ልክ ናት» አሉ። «ያልጠየቀሽን ሰው አትመርምሪ። ሳይፈቀድለት የሰው ገላ ላይ የሚያርፍ ዓይን የሐኪም አይደለም፣ የሌባ ነው። ወንዱ ሲናገር አዋቂ ይሉታል፤ አንቺ ስትናገሪ ነገረኛ ነው የሚሉሽ። አንዴ ነገረኛ ካሉሽ ደግሞ ይቺን ደረጃ ማንም አይወጣልሽም።»

መስመሩን ያየሁት በሁለተኛው ዓመቴ ነው። እትዬ መስኮቱ ሥር ቆመው የአንዲት ልጅ ክንድ ላይ ማጉያውን ደግነውልኛል፤ እኔ ጎንበስ ብዬ አያለሁ። ብርሃኑ በቀኝ አውራ ጣታቸው ላይ ወደቀ። ከጥፍሩ ሥር እስከ ጫፉ የሚወርድ ቡናማ መስመር፣ ከክብሪት እንጨት የቀጠነ። በእኛ ዓይነት ቆዳ እንዲህ ያለ መስመር ብዙ ሰው አለው፤ ብዙ ጣት ላይ ሲሆንና ከድሮም የነበረ ሲሆን ምንም አይደለም። አንድ ጣት ላይ ብቻ፣ በዚያ ዕድሜ፣ አዲስ ሲወጣ ግን ያስፈራል። ከሥሩ ከሰፋ ደግሞ እያደገ ነው ማለት ነው፤ ካንሰር ሊሆን ይችላል፤ ጣቱ ቶሎ ካልተቆረጠ ወደ ብብት እጢና ወደ ሳንባ ይሄዳል። ይህን ያስተማሩኝ ራሳቸው እትዬ ናቸው። መስመሩ ከሥሩ ሰፋ ይል ነበር።

ቀና ስል ዓይን ለዓይን ተጋጨን። አፌን ከፈትኩ።

«ሻይ ይምጣልዎት?» አልኩ።

«ይምጣልኝ» አሉ።

ለራሴ ሕጋቸውን አክብሬ ነው አልኩት። እውነቱን ልናገርና፣ በዚያው ሳምንት «ዓመት ጠብቂኝ፣ ክሊኒኩን ላንቺ አስረክቤ እንፈራረማለን» ብለውኝ ነበር። «ችኩሏ፣ እኔንም ልትመረምሪኝ ነው?» ብለው እንዳይቀየሙኝ ፈራሁ። ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ሳይቃጠል በቅጠል ሲባል እየሰማሁ ያደግኩ ሰው፣ ነገ አልኩ።

ሰኞ ጠዋት እትዬ ጥፍራቸውን ተቀብተው መጡ። አሥሩንም፣ ጥቁር ሊመስል ትንሽ የቀረው ቀይ።

ሲስተር በሳቅ ሞተች። «እትዬ፣ ሊዳሩ ነው እንዴ?»

«ታዲያ ቆሜ ልቅር?» አሉና ጋውናቸውን ለበሱ። እኔም ሳቅኩ። አሴቶኑ እንደ ድሮው መስኮቱ ደፍ ላይ ተቀምጧል፤ ሦስታችንም አላየነውም።

ከዚያ በኋላ ሰኞ በመጣ ቁጥር ቀለሙ አዲስ ነው። ማጉያውን በግራ እጃቸው መያዝ ጀመሩ። «አንቺ ቁረጪ፣ እኔ ልይሽ» እያሉ መቀሱንና ስፌቱን ለኔ ተዉት። እኔን በቀስታ ያስተማሩ ሴትዮ ራሳቸው ቸኮሉ፤ የድሮ በሽተኞቻቸውን ካርድ አንድ በአንድ እያወጡ «ይሄን ሰውዬ በየስድስት ወሩ እዪው፣ ይቺ ልጅ ትዋሻለች፣ ጫማዋን አስወልቂና እግሯን እዪ» ይሉኝ ነበር። ጎበዝ ስለሆንኩ ነው ብዬ ተደሰትኩ። በጣም ነው የተደሰትኩት።

የቀኝ አውራ ጣታቸው ቀለም ግን ከጥፍሩ እያለፈ ቆዳው ላይ መፍሰስ ጀመረ። መጀመሪያ ለጥቂት፣ ኋላ በደንብ። ፊት ላይ የሰፉት ስፌት የት እንደነበር የማይታወቅላቸው ሴት፣ ጥፍር መቀባት ያቅታቸዋል? ዕድሜ ነው አልኩ። ጥቁረቱ ወደ ቆዳው እንደወረደና ቀለሙ እየተከተለ እንደሚሸፍነው አውቅ ነበር። እያወቅኩ ነው ዕድሜ ነው ያልኩት። ሌሊት ሌሊት የሰው አውራ ጣት በሕልሜ ይመጣብኝ ጀመር፤ ጠዋት «እንደምን አደሩ» ስላቸው ዓይኔን ጣሪያው ላይ እሰቅላለሁ።

ክረምቱ ሲወጣ ሳል ያዛቸው። ብርድ ነው አሉ። ደረጃውን መጀመሪያ አንዴ፣ ቀጥሎ ሁለቴ እያረፉ መውጣት ጀመሩ፤ እኔ ላይ ሆኜ የኮቴያቸውን ድምፅ እቆጥራለሁ። አሥራ ሦስት ላይ ይቆማል። ሲስተር ከካርዱ ላይ ቀና ትልና ታየኛለች፤ እኔ እጄን መታጠብ እጀምራለሁ።

የምንፈራረም ዕለት ወረቀቱን በጠዋት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ኮቴያቸው መጣ። አሥራ ሦስት ላይ ቆመ፣ እንደገና ሃያ ላይ ቆመ። ከዚያ ግድግዳ የሚታከክ ነገር ሰማሁና ሮጥኩ። ደረጃው ላይ ተቀምጠው ነበር፣ ከንፈራቸው አመድ መስሎ። ከሲስተር ጋር ደግፈን አስገባናቸው።

ሲስተር ኦክስጅን የምትለካበትን የጣት መቆንጠጫ አመጣችና ቀኝ ሌባ ጣታቸው ላይ አደረገች። ቁጥር አልመጣም። አውልቃ እንደገና አደረገች። ምንም።

«ቀለሙ ነው እንዳያይ የከለከለው» አለች። «ቆይ ላጥፋው» ብላ የአሴቶኑን ጠርሙስ ከመስኮቱ ደፍ አነሳች።

«ተይው!»

እትዬ ጮኸው አያውቁም። ቀኝ እጃቸውን ግራ ብብታቸው ሥር ደበቁት። ሲስተር ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ሲስተር፣ ወረፋውን ዛሬ አሰናብቺልን» አልኳት። በሩን ዘግታ ወጣች። እኔ ጥጥ አነሳሁና ነከርኩት።

«እትዬ፣ እጅዎን ይስጡኝ።»

«አልጠየቅኩሽም።»

«አውቃለሁ። አልጠየቁኝም።»

እጄን ዘርግቼ ጠበቅኩ። በመጨረሻ ግራቸውን ሰጡኝ። ከትንሿ ጣት ጀመርኩ፣ አንድ በአንድ፣ እሳቸው ለኔ እንዳደረጉት። ቀጥሎ ቀኛቸውን። ዘጠኙ እስኪያልቁ መስኮቱን ያዩ ነበር። ዘጠኙ ንጹሕ ናቸው።

አሥረኛውን ጠረግኩ። ያ ቀጭን መስመር ጥፍሩን ሙሉ በልቶታል። ጥፍሩ መሃል ላይ ተሰንጥቋል፤ ጥቁረቱ ወደ ቆዳው ወርዶ እስከ መታጠፊያው ደርሷል።

«ዓይንሽ ሲያርፍበት አይቼሻለሁ» አሉ። «ያኔ፣ መስኮቱ ሥር። ከዚያ በፊት በር ቆንጥጦኝ ነው እያልኩ ራሴን አታልል ነበር። ችኩሏ ከተናገረች ነገ ሄጄ እቆረጣለሁ አልኩ። ዝም ካለች ምንም አይደለም ማለት ነው አልኩ። ይኸውልሽ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት የሰው ገላ ሳይ ኖሬ የራሴን ነገር ባንቺ አፍ ላይ ጣልኩት። አንቺም ሻይ ይምጣልዎት አልሽኝ።»

ሕግዎን አክብሬ ነው ልል ነበር። ወረቀቱ አጠገባችን ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል።

«ክፍሉን ፈልጌ ነው» አልኩ። እንባዬ መጣ። «አይቼዋለሁ። በየቀኑ እያየሁት ነበር።»

«አውቃለሁ። እኔም ጣቴን ፈልጌ ነው። አውራ ጣት የሌለው ሰው መቀስ አይዝም።» ሳሉ፣ ሳሉና አፋቸውን ጠረጉ። «ያቺን ሕግ የነገርኩሽ ለታክሲ ነው እኮ፣ ሞኝ። ለቤት ሰው መስሎሻል?»

ይቅርታ ልጠይቅ ስል እጃቸውን አንስተው ዝም አስባሉኝ። ጋውናቸውን ፈቱ፤ ከውስጥ ያለውን ሸሚዝም በግራ እጃቸው ቀስ ብለው ከፈቱ። ቀኝ ክንዳቸውን አንስተው በወንበሩ መደገፊያ ላይ አሳረፉት።

«ነይ። ዓይንሽን ጨፍኚ።»

ጨፈንኩ። ጣቶቼን ብብታቸው ውስጥ አስገባሁ። ቆዳቸው ይሞቃል፤ ትንፋሻቸው ጆሮዬ ሥር ያፏጫል። ብዙ መፈለግ አላስፈለገኝም።

«ስንት ናቸው?»

«ሦስት» አልኩ።

«ደግመሽ ንኪ፣ ችኩሏ። አትቸኩዪ።»

ዓይኔን ሳልገልጥ ጣቴን ወደ ውስጥ፣ የጎድን አጥንታቸውን አስታክኬ ገፋሁ። አራተኛው እዚያ ነበር።