በጥርስ የተያዘ ካቻቢቴ

የእኔን ቤትና የጋሽ ጆሮን ጋራዥ የሚለያቸው አንድ ግድግዳ ነው። እሱም ቢሆን ለወጉ የቆመ ነው። እነሱ ሞተር ሲያስነሱ የእኔ ብርጭቆዎች መደርደሪያው ላይ ይጨፍራሉ። ልብስ ባጠብኩ ቁጥር ደግሞ ከፀሐዩ በፊት ጭሳቸው ይደርስለታል።

"ጎረቤት፣ ነጭ ምን ያደርግልሻል? ግራጫ ነው የሚያምርብሽ" ይለኛል ጋሽ ጆሮ።

"ጭስህ ቀለም ከሆነ ቀለም ቤት ክፈትበት" እለዋለሁ። እንዲህ እየተባባልን ነው ያረጀነው።

ጋሽ ጆሮ የተባለው በሙያው ነው። ሌላው መካኒክ ሞተር በትኖ የሚያገኘውን እሱ ቆሞ ሰምቶ ያገኘዋል። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ይደግፍና ዓይኑን ጨፍኖ፣ "ያቺኛዋ ካንዴላ አኩርፋለች" ይላል። ሲፈቱት እውነትም አኩርፋለች፣ ብልጭታ አትሰጥም።

ጋራዡ ውስጥ አንድ የውድድር መኪና አለች፤ የምትነዳት ልጁ ናት። መኪናዋ በር የላትም፣ ዙሪያዋን በብረት ቧንቧ የታጠረች፣ ዳገትና አሸዋ ላይ የምትወዳደር መኪና ናት። ልጅ ትነዳለች፣ አባት ያስተካክላል። እናትየው ካረፈች ወዲህ በዚያ ቤት ከዚህ ሌላ ወሬ የለም።

ታዲያ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በግድግዳው የሚመጣው ድምፅ ተለወጠብኝ። እኔ ስለ ሞተር የማውቀው ልብስ እንደሚያጠቁር ብቻ ነው። ግን አንድ ዘፈን ስትሰማ የኖረች ሴት ዘፋኙ ሲስት አይጠፋትም። ሞተሩ ይንደረደርና ይሰናከላል፣ ይስላል፣ አንዳንዴም እንደ ጥይት ይጮኻል። ጋሽ ጆሮ ግን፣ "ይኸው፣ አሁን ዘፈነ" ይላል።

አንድ ቀን የጠቆረ አንሶላዬን ይዤ ልወቅሰው ገባሁ። ኮፈኑ ውስጥ አጎንብሷል። ካቻቢቴውን ጆሮው ላይ አላደረገም፤ እጀታውን በጥርሱ ነክሶ፣ ንዝረቱን በአጥንቱ ይፈልጋል። ደጋግሜ ጠራሁት፣ አልዞረም። ጥላዬ እጁ ላይ ሲያርፍ ነው ቀና ያለው።

"ምነው፣ ካቻቢቴ ምሳ ሆነ እንዴ?" አልኩት።

ፈገግ አለ። "አዎ፣ ዳመናው ከብዷል" አለኝ።

አንሶላዬን አጣጥፌ ተመለስኩ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲሉ እንዲህም ያለ ባዳነት ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ሳይቆይ ልጅቷ ክንዷ በፋሻ ተጠቅልሎ ቤቴ መጣች። በውድድሩ ዳገት ወገብ ላይ ሞተሩ ጠፍቶባት፣ መኪናዋ ወደ ኋላ ተንሸራታ ተገልብጣለች።

"ያ አሮጌው ማቀጣጠያ ነው፣ እትዬ" አለችኝ። "ብልጭታውን የሚቆራርጠው ትንሽ ብረት በመንገጫገጩ ይላላል። ከየውድድሩ በፊት በእጅና በጆሮ ልኩን ማስያዝ ያስፈልጋል። አዲሱን ኤሌክትሮኒኩን ገዝቼ አልጋዬ ሥር ደብቄዋለሁ። እሱ ጆሮ አይፈልግም፤ ልኩ ላይ ሲደርስ አረንጓዴ መብራት ያበራል።"

"ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ሌላው ክንድሽ እንዳይቀና?"

አልሳቀችም። "ምን ብዬ ልስጠው? ጆሮህ ሞቷል ልበለው? እኔና አባዬ እኮ የምናወራው ስለዚያ ሞተር ብቻ ነው። እሱን ከወሰድኩበት ምን ይቀረናል?"

"አንገትሽ ከሚሰበር የእሱ ልብ ይሰበር" አልኳት። ትክክል ነበርኩ፤ አፌን ግን መረረኝ።

አልሰማችኝም። ክንዷ ሲሻላት ለሚቀጥለው ውድድር በዚያው በአሮጌው ልትወጣ ተዘጋጀች።

ከውድድሩ በፊት በነበረው ቀን ጋሽ ጆሮ በግድግዳው አናት አሻግሮ ጠራኝ። "ጎረቤት፣ እስቲ ብቅ በይ።"

ስገባ ሞተሩ ይሠራል፣ ልጅቷ መሪውን ይዛ ተቀምጣለች። እሱ ማቀጣጠያውን በእጁ ትንሽ ትንሽ ያዞራል። ዓይኑ ግን ሞተሩ ላይ አልነበረም። የልጁን ፊት ነበር የሚያየው። ሞተሩ ይስላል፣ ልጅቷ ፈገግ ብላ አውራ ጣቷን ታነሳለታለች።

"ዘፈነ፣ አባዬ" አለችው።

እሱም ወደ እኔ ዞረ። ፊቴ ከአፌ ይቀድማል።

"ያነክሳል፣ ጋሼ" አልኩት፣ ከንፈሬን እንዲያየው ቀስ ብዬ።

ልጅቷ ሞተሩን አጠፋችው። ጋሽ ጆሮ እጁን በጨርቅ ጠረገ። ጣቶቹ ሲጠሩም መጥረጉን አልተወም።

"ካርቶኑን አምጪው" አላት።

"የቱን?"

"አልጋሽ ሥር ያለውን። ዓይኔ እንኳ ገና አልደከመም። እስክትሰጪኝ ነበር የምጠብቀው።"

ልጅቷ መሪው ላይ ተደፋች። እሱ አላያትም፣ ወይም እንዳላየ ሆነ።

አሮጌውን በእጁ ፈታ፣ አዲሱን በእጁ አሰረ። ሞተሩ ሲነሳ አረንጓዴዋ መብራት በራች። በዚያች ቅጽበት ካቻቢቴውን በልማዱ ወደ አፉ ወሰደው፤ አፉ ጋ ሳይደርስ መለሰው። ጠረገውና መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠው።

በማግስቱ ከልጁ ጋር አልሄደም።

"ጋራዡን ማን ይጠብቃል?" አለ።

"ምኑን ሊሰርቁት? ዝገቱን?" አልኩት። በአንገቱ ብቻ መለሰልኝ።

መኪናዋ ስትወጣ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ ደጁን ይጠርግ ነበር። ልጅቷ ጥሩምባ ነፋች፣ ደገመች፣ ዞራ አየችው። እየሮጥኩ ደርሼ ትከሻውን ስነካው ማዕዘኑ ላይ አቧራ ብቻ ቀርቷል።

"ሄደች?" አለኝ።

"ሄደች።"

"ሞተሩስ?"

"እንደ ሐር ነው፣ ጋሼ። ብርጭቆዎቼ እንኳ አልተነቃነቁም።"

መጥረጊያውን ተደግፎ ወደ አቧራው ትንሽ አየ።

"አዎ" አለ፣ "ሰማሁት።"