የሠርኬ ድርሻ ሲፈርስ

ሠርኬና ኃይለልዑል ሲፋቱ ፍርድ ቤቱ መሳለሚያ ያለውን ቤታቸውን ለሁለት ከፈለው። በመንገዱ በኩል ያለው ወገን ለእሷ፣ በጓሮ በኩል ያለው ለእሱ ደረሰ። የሚያገናኘው በር በብሎኬት ተደፈነ፤ እሱም በጀርባው ቅያስ በኩል የራሱን በር አወጣ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ ባይነፋፈጉም አንዳቸው የሌላውን ደጃፍ ረግጠው አያውቁም። ጣሪያው ግን አንድ እንደሆነ ቀረ። ስለ ጣሪያው ያኔ ማንም አላነሳም።

ሠርኬ ሸማ ተራ ነጠላና ጋቢ ትነግዳለች። መንገዱ ሲሠራ ከፍ በማለቱ፣ በየክረምቱ ውሃው ወደ እሷ እየወረደ የጭቃውን ግድግዳ ከሥሩ በላው። ዘንድሮ የፊት ክፍሉ ወደ መንገድ ማዘንበል ሲጀምር፣ ሰው ላይ ሳይወድቅ ራሴ ድርሻዬን በሙሉ ላፍርሰውና በቦታው ሱቅ ልሥራ ብላ ቆረጠች። ካርታዋን ይዛ የማፍረስ ፈቃድ ልትጠይቅ ወደ ግንባታ ፈቃድ ቢሮ ሄደች።

ቤቱን እንዲያይ የተላከው መሐንዲስ ሙደሲር የሚባል ቁጥብ ወጣት ነው። ግድግዳዎቹን በዓይኑ ገረፍ አድርጎ አለፋቸው። ኮርኒሱን አስነስቶ ወንበር ላይ ቆሞ በባትሪ ሲመለከት ቆየና ወረደ።

«እትዬ ሠርኬ፣ የጣሪያው ወጋግራ የሚያርፈው ጎረቤትዎ ግድግዳ ላይ ነው። የእርስዎን ሲያነሱ የሳቸውም ይነቃነቃል። አዋሳኙ ራሳቸው ቀርበው ካልፈረሙ ፈቃድ አይወጣም።»

«ጎረቤቴ አይደለም፤ የቀድሞ ባሌ ነው።»

«ለእኛ አዋሳኝ ናቸው» አለ ሙደሲር። ክፋት አልነበረበትም።

ነገሩን ስታወጣ ስታወርድ ሰነበተች። ሰው ልላክ ብላም አስባ ነበር። በመጨረሻ አንድ እሁድ ቅያሱን ዞራ በሩን አንኳኳች። ኃይለልዑል በፒጃማ ሱሪ ወጣ። ሸብቷል።

«ግቢ» አላት።

«አልቀመጥም። ቤቱን ላፈርሰው ነው፤ የእኔን ወገን። ያንተን ፊርማ ይፈልጋሉ።»

«ጣሪያውስ?»

«ይቆረጣል። ኸይረዲን የሚባል ግንበኛ ይዣለሁ። መጀመሪያ ያንተን ደግፎ ነው የሚነካው።»

ቀና ብሎ ቆርቆሮውን አየ። «ክረምት እየመጣ ነው እኮ።»

«ለዚህ ነው አሁን የመጣሁት።»

«እስቲ ላስብበት» አላት።

በትዳራቸው ዘመን ይህን ቃል ስትሰማ ደሟ ይፈላ ነበር። አሁን ምንም አልተሰማትም። «እሺ» ብላ ተመለሰች።

ብዙም ሳይቆይ ደውሎ «እሺ፣ እንሂድ» አላት። ለየብቻ ሄደው ቢሮው ውስጥ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ተራቸው ሲደርስ መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ ስማቸውንና የቤቱን አድራሻ አየችና «ባልና ሚስት ከሆናችሁ አንዳችሁ ብቻ ይበቃል» አለች።

«አይደለንም» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ። ልጅቷ አንዴ አየቻቸውና መጻፏን ቀጠለች።

ሙደሲር ዘንድ ሲገቡ ኃይለልዑል ከመፈረሙ በፊት መጠየቅ ያዘ። ዝናቡ ሳይገባ ያልቃል ወይ? የተቆረጠውን ጣሪያ ጠርዝ ማን ይከድነዋል? ቤቱ ሲፈርስ ለዝናብ የሚጋለጠው የእሱ ግድግዳስ? ሙደሲር ሁሉንም ጻፈና፣ የሚጋለጠውን ግድግዳ አፍራሿ በሲሚንቶ ታስለስናለች የሚል ጨመረበት። ሠርኬ አልተከራከረችም። ፈረሙ፤ ፈቃዱም ወጣ።

ኸይረዲን የኃይለልዑልን ወገን በቋሚ እንጨት ደግፎ ጣሪያውን ቆረጠ። ቆርቆሮው ወረደ። ግድግዳዎቹ በድጅኖ እየተገፉ ተራ በተራ ተኙ፤ አቧራው ታክሲ ተራው ድረስ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ቆሞ የቀረው የመሐሉ ግድግዳ ብቻ ነበር።

በዚህ በኩል መኝታ ቤታቸው ነበር። ከፍቺው በኋላ ሠርኬ ክፍሉን የዕቃ ማስቀመጫ ስላደረገችው፣ የጋቢ ጆንያ ግድግዳውን ሸፍኖት ኖሯል። አሁን መንገደኛው ሁሉ ያየዋል። ሲጋቡ የቀቡት ውሃ አረንጓዴ ቀለም አለ። የሰርጋቸው ፎቶ ተሰቅሎበት የነበረው ምስማር፣ ከሥሩም ቀለሙ ከዙሪያው ይልቅ የደመቀ አራት ማዕዘን አለ። ዝቅ ብሎ የአልጋው ራስጌ የፈተገው መስመር ይታያል።

ኃይለልዑል በቅያሱ ዞሮ መጥቶ ፍርስራሹ ላይ ቆመ። ግድግዳውን ከወዲያኛው ፊቱ በየቀኑ ያየዋል፤ ይህንን ፊቱን ግን ከወጣ ወዲህ አላየውም።

«ልስኑ ይቅር» አላት። «ምን ያስቸኩላል? ሱቁ ሲሠራ ይሸፈን የለ።»

«ፈቃዱ ላይ ተጽፏል።»

«ያስጻፍኩት እኔ አይደለሁ? እኔው ልተወው።»

ሠርኬ ግድግዳውን አየችው። ለምን እንደዚያ እንዳለ ገብቷታል። ግን ውሃ ጭቃን ምን እንደሚያደርገው በገዛ ቤቷ አይታለች።

«ጭቃ ነው፣ ኃይሌ። አንድ ክረምት አይችልም። ቤቱ ይወድቅብሃል።»

ኸይረዲን ልስኑ ጭቃው ላይ እንዲይዝለት መረብ ሽቦ ወጠረና ሲሚንቶውን ከታች ጀምሮ መለጠፍ ያዘ። የራስጌው መስመር ጠፋ። አናቱ ላይ ለመድረስ መሰላሉ ሲያጥረው፣ ኃይለልዑል ወደ ቤቱ ሄዶ ረጅም መሰላል አመጣና አቆመለት። ምስማሩ ያለበት ቦታ ተሸፍኖ እስኪያልቅ ከታች ይዞለት ቆመ። ሠርኬ ሲሚንቶውን በባልዲ ታቀብላለች። ሲያልቅ መሰላሉን ተሸክሞ በቅያሱ በኩል ሄደ።

ልስኑ ሲደርቅ ሙደሲር መጥቶ ግራጫውን ግድግዳ በጣቱ መታ መታ አደረገና ፈረመላት። የሱቁ ፈቃድም ተከትሎ ሲወጣ መሠረት የሚቆፍሩ ሰዎች አስገባች። እሷም ሸማ ተራ ከመሄዷ በፊት ጥቂት ቆማ አየቻቸው፤ አንደኛው ዶማውን ወደ ኃይለልዑል ግድግዳ ሲያስጠጋ «ከዚያ ግድግዳ ሥር ፈቀቅ በል» አለችው።