ትንፍሽ ያላለው ታንከር

ይቺ ታሪክ ከላይ እስከ ታች እውነት ናት። ውሸት ከተገኘባት ምላሴን በርበሬ በረንዳ ወስዳችሁ ከሚጥሚጣው ጋር አስወቅጡት። እንደኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ሰው ሁሉ ይዋሻል ያለው ማነው?

ዘመኑ ሁለት ሺህ አንድ ነው፤ ቤንዚን ከከተማው ድራሹ የጠፋ ሰሞን። ባህረዲን አሮጌ ፒካፑን ይዞ ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወረድ ብሎ ካለ ማደያ ከንጋት ጀምሮ ተሰልፏል። ሰልፉ ከመርዘሙ የተነሳ ጢሙን ተላጭቶ የተሰለፈ ሹፌር ቤንዚን ቀጂዋ ፊት ሲደርስ መልሶ አብቅሎ ነበር። ባህረዲን ግን የሚስቅበት ሆድ አልነበረውም። ጋቢናው ውስጥ ከጎኑ እትዬ ሠርኬ ጥቁር ለብሰው ተቀምጠዋል። ነገ ጠዋት ፍቼ ላይ የባላቸው የኃይለልዑል አርባ ይወጣል።

ባህረዲንና ኃይለልዑል ይቺን መኪና በጋራ ገዝተው አሥራ አንድ ዓመት በርበሬ ጭነውባታል። የመጨረሻዎቹን ሦስት ወራት ግን አልተነጋገሩም። ያጣላቸው ሽታ ነው። ናኢማ የምትባል የበርበሬ በረንዳ ነጋዴ "በርበሬዬ ቤንዚን ቤንዚን ይላል፤ ወጡ ላይ ክብሪት ቢጫር ይነዳል!" ብላ ጭነቷን ከለከለቻቸው። ባህረዲን በገበያው ፊት ጓደኛው ላይ ጮኸ።

"ቤንዚን በጨቀየ እጅህ ጆንያ እየነካህ እኮ ነው! እንጀራዬን የዘጋኸው አንተ ነህ!"

ኃይለልዑል እጆቹን አገላብጦ አየ፤ ሱሪው ላይ ጠረጋቸውና ሄደ። በሳምንቱ ሽታው ጠፋ፣ ናኢማም ተመለሰች። ባህረዲን 'ቁጣዬ ሠራ' ብሎ በልቡ ኮራ። ኃይለልዑል ከዚያ ወዲያ ትንፍሽ አላለም። ቤንዚን ማስቀዳት የሱ ሥራ ነበር። ማደያ ሄዶ ግማሽ ቀን ሲቆይ ባህረዲን 'ወሬውን እየሰለቀ ነው' ይል ነበር።

አንድ ሐሙስ ኃይለልዑል አመመኝ ብሎ ተኛ፤ እሑድ ሞተ። ሬሳው ወደ ትውልድ አገሩ ፍቼ ሲሄድ ባህረዲን በአውቶቡስ ቡታጅራ ወርዶ በርበሬ ሲያፈላልግ ነበርና ቀብሩ ላይ አልደረሰም። መኪናዋም ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዛሬ ንጋት እንደቆመች ነበረች። በጓደኛው መቃብር ላይ ቆሞ "አፉ በለኝ" የሚልበት አንድ ቀን ቀረው፤ እሱም ነገ ነው። በፍቼ መንገድ ከሱሉልታ ወዲያ ደግሞ የቤንዚን ጠብታ የለም ተብሏል።

ተራው ደረሰ። ቀጂዋ የመቅጃውን አፍንጫ መኪናዋ ታንከር ውስጥ ከትታ ለቀቀችው። ሁለት ጭልፋ ያህል እንደገባ ታንከሩ ተንገሸገሸና መልሶ ተፋው። ጠብቃ ቀዳች። አሁንም ተፋው።

"ሞልቷል" አለች።

"ባዶ ነው እኮ እህቴ! ሦስት ሊትር እንኳ አልገባም።"

"አልጠጣም ካለ ታዲያ ልጋተው?"

ከኋላ ያለው የሚኒባስ ሹፌር ኑሪ ጥሩምባውን ለቀቀው። "አንተ! ታንከር ነው ወይስ የዓይን ጠብታ ብልቃጥ?"

"ቡዳ በልቶት ነው፤ ጠበል ርጩበት!" አለ ሌላው።

"ጠበሉስ በየት ይገባል!"

ባህረዲንን ላብ አጠመቀው። በዚህ አያያዝ እስኪሞላ የኃይለልዑል ሙት ዓመት ይደርሳል። ኑሪ ሊደባደብ እጅጌውን ሰብስቦ መጣ፤ ጋቢናው ውስጥ ጥቁሩን ልብስ ሲያይ ግን ኮፍያውን አወለቀ።

"ለለቅሶ መሆኑን ቀድመህ አትተነፍስም እንዴ?" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ሂድ፣ መኪናዋን ይዘህ መሳለሚያ ጋሽ አስናቀው ጋ ሩጥ። ቦታህን እኔ እይዛለሁ።"

ጋሽ አስናቀው መኪና ሲታመም የሚያቃስት የሚመስላቸው ሽማግሌ መካኒክ ናቸው። በታንከሩ አፍ ሽቦ ሰደዱ፤ ቆሻሻ የለም። የጉሮሮውን ጎማ ዳበሱት፤ አልታጠፈም።

"ክዳኑን ስትከፍተው ምን አለ?"

"እህህ ብሎ አየር ወደ ውስጥ ሳበ፤ ልክ እንደ ሰው።"

"እንስራ ውሃ ውስጥ ስትነክር ቡልቅ ቡልቅ የሚለው ምንድን ነው?"

"ጋሼ፣ እኔ የመርካቶ ልጅ ነኝ፤ ከቧንቧ ሌላ የት አውቄ?"

"አየሩ ነው! አየር ካልወጣ ውሃ አይገባም። ያንተ ታንከር መጠጣት አላቃተውም፤ መተንፈስ ነው ያቃተው።"

መኪናዋን በክሪክ አነሷትና ከሥሯ ገቡ። ከታንከሩ ወጥታ ጭነቱ ሥር የምትከፈት ቀጭን ቱቦ አለች። ጋሽ አስናቀው ጫፏ ላይ ፒንሳ ሰደው ሲጎትቱ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ የተጠረበ እንጨት ወጣ። ታንከሩ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

"ይሄ የሰው ሥራ ነው። የቤንዚኑ ሽታ በዚህች እየወጣ ነው ጆንያው ውስጥ የሚገባው። ሽታውን ላስቀር ብሎ የወተፈው ሰው አለ።"

እትዬ ሠርኬ ከጋቢናው ወርደው ጨርቁን ተቀበሉት፤ በጣታቸው ሲያሹት ከጥላሸቱ ሥር አረንጓዴ ጥለት ብቅ አለ።

"የነጠላው ጫፍ ነው" አሉ ቀስ ብለው። "ማን ቀደደው ብዬ ስጠይቀው ምስማር ያዘው አለኝ። ለፋሲካ የገዛሁለትን ነጠላ ቀደድክ ብዬ ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩት።"

ያኔ ባህረዲን ማደያው ታየው። ኃይለልዑል ጭልፋ በጭልፋ እያስቀዳ፣ የሰልፈኛው ጥሩምባና ስድብ ሲወርድበት ታየው። እሱ ዛሬ አንዴ የሰማውን ያ ሰውዬ ሦስት ወር ሙሉ ጠጥቶት ኖሯል።

ጋሽ አስናቀው ቱቦዋ ላይ ሁለት ክንድ ጎማ ቀጥለው እስከ መኪናዋ ጭራ አወጧት። "አሁን ይተነፍሳል፤ በርበሬውም አይሸትም። ይሄው ነው።"

ሁለት ክንድ ጎማ። ባህረዲን መኪናዋን ተደግፎ አለቀሰ።

ኑሪ ቦታውን እንደያዘ ጠበቀው። ታንከሩ አንዴም ሳይተፋ ግጥም ብሎ ሞላ። ሲመሽ ፍቼ ገቡ። በማግስቱ ፍታቱ ሲያበቃ ባህረዲን መቃብሩ ግርጌ ተንበረከከ፤ ያቺን የተጠረበች እንጨት አፈሩ ላይ አስቀምጦ "አፉ በለኝ" አለ። እትዬ ሠርኬ ትከሻውን ያዙትና "ባህሬ፣ ሊሞት ሲል ስምህን ጠርቶ፣ 'በሱ ላይ ምንም ቂም የለኝም' ብሏል" አሉት።

ሁሉም እውነት ነው፤ ጢሙን ያበቀለው ሹፌር ሳይቀር። ከራሴ የጨመርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይቺን የመጨረሻዋን። እትዬ ሠርኬ እንዲያ አላሉም። ጨርቁን በመዳፋቸው ጨብጠው ዝም ነው ያሉት። ባህረዲን ሲያወራኝ እዚያ ላይ ደርሶ ድምፁ ታፈነ፤ እኔም መተንፈሻ ብዬ ነው ያስገባኋት።