አሞኛል የማትል በሽተኛ

በሽተኛዋ ከባጃጁ የወረደችው ሰርግ የተጠራች መስላ ነው። የሚያብለጨልጭ አረንጓዴ ቀሚስ፣ ጆሮዋ ላይ የሚወዛወዝ ጉትቻ፣ ብብቷ ሥር መጽሐፍ ቅዱስ። ነጭ ጋዋኗን ለብሳ ኮሌጁ በር ላይ ስትጠብቅ የቆየችው ኬኔ ስታያት ወደ ባጃጁ ሮጠች።

«አዳዳ፣ በሽተኛ ነሽ እኮ ያልኩሽ።»

«ታዲያ በሽተኛ አይለብስም? አስተማሪዎችሽ ፊት በቤት ቀሚስ ልቁም?»

አዳዳ ድርቤ የኬኔ አባት እህት ናት። ለዚህ ሥራ የታጨችው እንኳ እሷ አልነበረችም። የጨለለቂ ሰፈር ጎረቤታቸው ሃና ነበረች፤ ሃና ግን ትናንት ለቅሶ ብላ ጊምቢ ሄደች። ኮሌጁ ደግሞ ያለ በሽተኛ አይፈትንም። ሁለት የመለማመጃ አሻንጉሊት አለው፤ አንዱ አንገቱ ተነቅሏል፣ ሌላው ደህና ነው ግን አይናገርም። የዛሬው ፈተና ሂስትሪ መውሰድ ነው፣ ማለትም በሽተኛውን ጠይቆ ጠይቆ በሽታውን ማውጣት። ስለዚህ ተማሪው ሁሉ አንድ አንድ ጤነኛ ሰው ከቤቱ ይዞ ይመጣል፤ ለሰውየው ካርድ ይሰጠዋል፤ እሱም ካርዱ ላይ የተጻፈውን በሽታ አሞኛል ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ኬኔ ባለፈው ወድቃለች። አፏ አያርፍም፤ በሽተኛው ሳይተነፍስ እሷው ጠይቃ እሷው መለሰችለት። ዛሬ ከደገመችው፣ ሰኞ ጓደኞቿ ለልምምድ ወደ ሆስፒታል ሲወጡ እሷ ከአንደኛ ዓመቶች ጋር አልጋ ማንጠፍ ልትማር ነው።

ሁለተኛ ፎቅ እስኪደርሱ አዳዳ ድርቤ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ሁሉ እየቆመች አነበበች፣ የጠፋ መታወቂያ ሳይቀር። «አዳዳ፣ በናትሽ ፍጠኚ» እያለች ኬኔ በእጇ ጎተተቻት። ከእነሱ በፊት የገባው፣ አብሯት የሚማረው ኤባ፣ ፀጉር አስተካካይ ጓደኛውን ነበር ያመጣው። ልጁ ከውስጥ ሲያቃስት የሰማች የጽዳት ሠራተኛ ውሃ ይዛ ሮጠች።

«ሰማሽ? እንደሱ ነው» አለች ኬኔ።

«የሰው ልጅ አያፍርም» አለች አዳዳ ድርቤ።

ፈታኟ ሲስተር ወሰኔ ናት። ስትስቅ ያያት ተማሪ የለም። «አሥራ አምስት ደቂቃ» አለችና ካርዱን ለአዳዳ ሰጠቻት። አዳዳ መነጽሯን አድርጋ አነበበችው፣ አጠፈችው፣ መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ ከተተችው።

«እንደምን አደሩ? ኬኔ እባላለሁ። የነርሲንግ ተማሪ ነኝ።»

«ስምሽን ያወጣሁልሽ እኔ አይደለሁ እንዴ? ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው እርስዎ የሆንኩት?»

ሲስተር ወሰኔ አንድ ነገር ጻፈች።

«ዛሬ ምን አመመዎት?»

«ፈያ ነኝ። ምንም የለብኝም፣ ገለኒ ከን ዋቃቲ፣ ምስጋና ለአምላክ።»

ኬኔ በአገጯ ወደ መጽሐፍ ቅዱሱ ጠቆመቻት። «ካርዱ ላይ ያለው…»

«አነበብኩት። ደስ አይልም። ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ሰው ያወራውን ነው የሚሆነው። ጠይቂኝ እመልስልሻለሁ አልኩሽ እንጂ እታመምልሻለሁ አላልኩሽም። እኔ በስሙ ተፈውሻለሁ።»

ኬኔ የራሷን ጭንቅላት በቦክስ ልትለው ምንም አልቀራት። እንዴት ረሳችው? አዳዳ ድርቤ እኮ ጉንፋን ሲይዛት እንኳ «ጉንፋን ሊነካኝ ሞከረ» ነው የምትለው።

«የቱ ጋ ነው የሚያምዎት?»

«አያመኝም።»

«መቼ ጀመረዎት?»

«አልጀመረኝም።»

«ሲጀምርዎትስ…»

«አይጀምረኝም።»

ስምንት ደቂቃ እንዲህ አለቀ። ኬኔ ሰኞን አሰበች፤ አንሶላውን፣ የአንሶላውን ማዕዘን፣ የአንደኛ ዓመቶቹን ሳቅ። ያጠናችው ጥያቄ ሁሉ ከጭንቅላቷ ጠፋ። የቀራት፣ ዓርብ ዓርብ እነሱ ቤት የጸሎት ቡድኑ ሲሰበሰብ የሚጠየቀው ጥያቄ ብቻ ነበር።

«አዳዳ፣ የጸሎት ርዕስ አለሽ?»

አዳዳ ድርቤ መነጽሯን አወለቀች።

«እሱማ አለኝ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ለትንፋሼ ጸልዪልኝ። ያጥረኛል። አሁን እንኳ ደረጃችሁ ላይ የማነብ መስዬ ነው የቆምኩት። ማታ ጋደም ስል ያፍነኛል፤ ሦስት ትራስ ደርቤ እንደ ዳኛ ቁጭ ብዬ ነው የማድረው። እግሬም ጫማ አልገባው ብሏል።»

ኬኔ ጎንበስ ብላ አየች። ከዚያ ሁሉ ብልጭልጭ ሥር፣ የአዳዳ እግር የወንድ ነጠላ ጫማ አጥልቋል። ቁርጭምጭሚቷ እብጠቱ ውስጥ ጠፍቷል።

«ካርዱ የሆድ ቁርጠት ነበር» አለች ሲስተር ወሰኔ፣ ለራሷ እንደምትናገር። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ልብሽ ነው» የሚለው መልስ የኬኔ ምላስ ጫፍ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ዋጠችው። አንድ ጠይቃ እስኪመለስላት ጠበቀች፣ ከዚያ ሌላ ጠየቀች።

«ይሄን ርዕስ ከያዝሽው ስንት ጊዜ ሆነሽ?»

«ከፋሲካ ወዲህ ነው።»

«ቤት ውስጥ ማን ያውቃል?»

«ጌታ። አሁን ደግሞ እናንተ።»

ኬኔ የግድግዳውን ሰዓት አየች። «አለቀብኝ አይደል ሲስተር?»

«አልቋል» አለች ሲስተር ወሰኔ። «ቀጥይ።»

አዳዳ ድርቤ ግን ሥርዓቱን ታውቀዋለች፤ ርዕስ ከተነገረ የሚቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ዓይኗን ጨፍና እጇን ዘረጋች።

«በይ እንግዲህ፣ ጸልዪ።»

ኬኔ እጇን ተቀበለቻት። ሦስት ጣቶቿ አንጓዋ ላይ ሄደው አረፉ። ሲስተር ወሰኔ የእጅ ሰዓቷን ፈታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችላት። ኬኔ አንድ ዓይኗን ለጸሎቱ ጨፈነች፤ በሌላው ሰዓቱን እያየች የልብ ምቷን መቁጠር ጀመረች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ አዳዳ ድርቤም በየመሀሉ «አሜን» ትላለች።

ሠላሳ አንድ። ሠላሳ ሁለት። «አሜን።»

ከዚያ አንዱ ምት ዘገየ። ኬኔ ከንፈሯ እንደተከፈተ ጠበቀችው።