አንድ ምሰሶ ያላት መርከብ

እሌኒ የስፌት መኪናዋን ዘይት ጠብ ጠብ አድርጋባት በጨርቅ እየወለወለች ሳለ፣ ዲሪዬ ብብቱ የተተረተረ ኮታቸውን በክንዳቸው ይዘው ገቡ። ሶማሊያ ውስጥ በርበራ ወደብ ላይ ሲጭኑና ሲያወርዱ ያረጁ ሰው ናቸው፤ ጦርነቱ ነው በ1980 ግንቦት ድንበር አሻግሮ ጅጅጋ የጣላቸው።

"አዴሮ፣ ከበርበራ ነው የመጡት?" አለች፤ ሶማሌ አጎቱን እንደሚጠራው።

"ደግሞ ጀመረች!" አሉ ጥግ ላይ ምስር የሚለቅሙት አማቷ፣ እማማ ወለተሐና። "ሰውየው እንኳ ሳይቀመጡ! ሁለት ዓመት ሙሉ ተዝካሩን እናውጣለት ብል፣ እሷ መርከብ ትፈልጋለች።"

ባሏ ዘነበ ከአሰብ የምትነሣ የዓሣ መርከብ መካኒክ ነበር። መርከቧ እንደወጣች አልተመለሰችም።

"ስሟ ማነው?" አሉ ዲሪዬ።

"ስም በቀለም ይጠፋል። ልኳን ልንገርዎ።"

ልኳን ያስጠናት ዘነበ ነው። አሰብ ሳሉ፣ አመሻሽ ላይ፣ ያ ጨዋማ ንፋስ ሲነሣ፣ ከደጃቸው እስከ ጎረቤቶቻቸው እስከ እነሙላቱ በር እየተራመደ፣ "አፍንጫዋ እዚህ ነው! አንቺ ሞተሩ ላይ ቆመሻል!" እያለ ይጮህላት ነበር። የሰፈሩ ሰው በሳቅ ይፈርሳል።

"ሃያ አራት ሜትር ናት፤ አረንጓዴ። መረብ መጎተቻዋ ከኋላ ነው።"

"ዋላሂ አይቻታለሁ! አረንጓዴ፣ መጎተቻዋ ከኋላ።"

"ሞተሯ ሲነሣ ያስላል?"

"ያስላል እንጂ! እንደኔ።"

እማማ ወለተሐና ሰፌዱን አስቀመጡ።

እሌኒ ኮቱን ከሽማግሌው ተቀበለች። "ሁለቱ ምሰሶዎቿስ?"

"ሁለቱም ቆመዋል፣ ልጄ። ምንም አልነካቸው።"

የዘነበ መርከብ ምሰሶዋ አንድ ነበር። "እንደ ሚስቴ አንድ!" ይል ነበር።

"እግዜር ይስጥልኝ፣ አዴሮ" አለች። የኮቱን ብብት ሰፍታ እስከ በሩ ሸኘቻቸው።

በሩ ላይ ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "አላየኋትም። እኔም ልጄን ስፈልግ፣ አይቼዋለሁ ያለኝ ሰው ነበር። ያን ሌሊት እንቅልፍ ወሰደኝ።"

ስትመለስ እማማ ወለተሐና ቆመው ጠበቋት። "ይመጣል ማለት ነው? ንገሪኝ እንጂ!"

"ሌላ መርከብ ናት፣ እማማ።"

አሮጊቷ ቀስ ብለው ተቀመጡ። እሌኒ ከጓዳ ገብስ ሰፍራ አመጣች፤ ለተዝካሩ ጠላ ብቅል እንዲሆን በገንዳ ዘፈዘፈችው፤ በጆንያ ሸፍና ወደ ጥግ ገፋችው።